አናሲሞስ ነሲብና የእምኩሉ ቤተ ሰብ
ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ



በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በተፈቀደልኝ ጊዜ ብዙ ሳላመነታ የመረጥሁት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐመውን አናሲሞስ ነሲብን ነው። ስሙን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ነገር ግን ስሙ ሲጠራ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ብቻውን ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብዕር፣ አንድ ትልቅ መጽሐፍ። ታሪኩን ቀርቦ ለሚመለከተው ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የአናሲሞስ እምነት የተወለደው፣ ያደገውና የተፈተነው በማኅበር መካከል ነው፤ መጽሐፉም የማኅበር ፍሬ ነው። እኔም ለመጻፍ ያሰብሁት ስለዚሁ ነው። ዘመኖቹን የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ በሚባለው አገር አጠገብ አንድ ሕፃን ተወለደ። ሂካ ብለውም ስም አወጡለት። ሂካ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ልጁ ወደ ፊት ምን እንደሚሠራ ማንም ሊገምት በማይችልበት በዚያ ጊዜ ይህ ስም ለእርሱ መውጣቱ አንባቢን ሁሉ የሚያስደንቅ ነው። አባቱ የሞተበት ገና የ4 ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ በደቡብ ምዕራቡ አገር ላይ እንደ ወረርሽኝ የበረታበት ጊዜ ነበር። ነጋዴዎቹ ልጆችን እየሰረቁና እየገዙ ከገበያ ወደ ገበያ እያሳለፉ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይነዱ ነበር። ከዚያም የቀሩት በጀልባ ተጭነው ወደ ዐረብ አገር ይሻገራሉ። ሂካም በ1869 በእነዚህ ሰዎች እጅ ወደቀ። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ፣ አገሩን፣ እናቱንና ቋንቋውን በስተ ኋላ እየተወ፣ በመጨረሻ ምፅዋ ደረሰ።

በምፅዋ በዚያን ጊዜ ወርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ተወላጅ ነበር። ይህ ሰው በ1870 ልጁን ከባርነት ነፃ አወጣውና በከተማው ለነበሩት ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች እንዲያስተምሩት ሰጠው። ሙንዚንገር በኋላ የግብፅ መንግሥት ሹም ሆኖ በአገራችን ላይ የሠራውን ሁሉ ማመስገን አይቻልም። ይሁን እንጂ ይህን አንድ ሥራውን ከመመስከር ወደ ኋላ ማለት አይገባም።

እዚህ ላይ ስለ ሚሲዮኑ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ስዊድናውያኑ በ1866 ምፅዋ የደረሱት በዚያ ለመቀመጥ ብለው አልነበረም። የነበራቸው ሐሳብ፣ ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ እንደ መከራቸው፣ ወደ ኦሮሞ አገር ለመሄድ ነበር። መንገዱ ግን ተዘጋባቸው። አስቀድሞ በኩናማ አገር ተቀምጠው ሲሠሩ ከእነርሱ ብዙዎቹ በንዳድ ሞቱ፤ የተገደሉም አሉ። የተረፉት ወደ ምፅዋ ተመለሱ። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ወደ ኦሮሞ አገር መሄድ ተስኗቸው በባሕር ዳር ሲያዝኑ ሳሉ የኦሮሞ ልጆች በባሪያ ነጋዴ እጅ እየተነዱ እነርሱ ወዳሉበት መጡ። ክፉው ንግድ ያመጣቸውን ልጆች የሚሲዮኑ ቤት ተቀበላቸው።

ሂካ በዚያ ቤት ያገኘው ትምህርት ብቻ አልነበረም። አባት የለውም፤ ወገን የለውም፤ ከየት እንደ መጣ ቢያስታውስም የሚመለስበት መንገድ የለውም። በአገራችን ልማድ ሰው ማን ነህ ተብሎ ሲጠየቅ የእከሌ ልጅ ነኝ፣ የእነ እከሌ ወገን ነኝ ብሎ ይመልሳል። ባሪያ ሆኖ የተሸጠ ልጅ ግን ይህን መልስ ተነጥቋል። ስለዚህ ወንጌል ለሂካ በመጀመሪያ የደረሰው በአሳብ መልክ ሳይሆን በቤት መልክ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። በአንድ ማዕድ የሚበሉ፣ ጧትና ማታ አብረው የሚጸልዩ፣ ወንድሜ ብለው የሚጠሩት ሰዎች አገኘ። ከእነርሱ ጋር ፊደል ቈጠረ፤ ከእነርሱ ጋር መጽሐፍ አነበበ።

በመጋቢት 31 ቀን 1872፣ በትንሣኤ በዓል እሑድ፣ ተጠመቀና አናሲሞስ ተባለ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈውን አጭር መልእክት ያነበበ ሁሉ ይህ ስም ከየት እንደ መጣ ያውቃል። ያ አናሲሞስ ከጌታው ዘንድ የሄደ ባሪያ ነበር፤ ጳውሎስም በእስር ቤት ሳለ አስተምሮ ልጁ አደረገውና እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ፊልሞናን ለመነው። የስሙም ትርጓሜ የሚጠቅም ማለት ነው። ያ ልጅ በገበያ ዋጋ የተቈረጠለት ነበረና ስሙ ሲጠራ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

በ1876 ወደ ስዊድን ተልኮ ዮሐንስሉንድ በሚባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት 5 ዓመት ተማረ። ስለዚህ ዘመን ብዙ አልጽፍም፤ የተማረው መልካም ነው፣ ብርዱም የታወቀ ነው። በ1881 ወደ ምፅዋ ሲመለስ 25 ዓመት ገደማ የሆነው የበሰለ አስተማሪ ነበር። ምሕረት ኃይሉ የተባለችውንም አገባ። እንግዲህ ልጅነቱ አልፎ መምህር ሆኗልና እኔም ከዚህ ወዲያ በአንቱታ እጽፋለሁ።

አናሲሞስ የተመለሱት በባሕር ዳር ለመቅረት አልነበረም። በዚያው ዓመት ከሚሲዮኑ ሰዎች ጋር ሆነው ወደ ወለጋ ለመድረስ ተነሡ። ዐፄ ዮሐንስ ሚሲዮናውያን በግዛታቸው እንዲያልፉ ስለማይፈቅዱ መንገዱን በሱዳን በኩል አደረጉት። በዓባይ ወንዝ ሽቅብ ተጕዘው ከአሶሳ ብዙ የማይርቀው ፋማካ ድረስ ሄዱ። አገራቸው ከዚያ ወዲያ ነበር፤ ግን ማለፍ አልተቻለም። አናሲሞስም በንዳድ ታመው ሊሞቱ ደረሱ። ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ካርቱም ተመልሰው በዚያ ዳኑ። ጥቂት ቈይቶም የማሕዲ ጦርነት ያንን መንገድ ጨርሶ ዘጋው። ሁለተኛው ሙከራ በሸዋ በኩል ነበር። በ1886 እንጦጦ ድረስ ደረሱ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ እንዲያልፉ ስላልፈቀዱላቸው እንደ ገና ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ።

ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ መመለስ እንዴት ያለ ሐዘን ነው! በወለጋ በኩል ሲሉ ሱዳን ያግዳቸዋል፣ በሸዋ በኩል ሲሉ የንጉሥ ትእዛዝ ይመልሳቸዋል። እኔ ግን ታሪካቸውን ሳነብ የታየኝ ከመንገዱ ይልቅ መመለሻው ቤት ነው። ያ ቤት እምኩሉ ነው። እምኩሉ ከምፅዋ ደሴት ማዶ በየብሱ ላይ የሚገኝ፣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ የሚጋረፍ ቦታ ነው። ሚሲዮኑ በዚያ የወንዶችና የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ነበረው፤ ማተሚያ ቤትም አቋቁሞ ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች ከባርነት የወጡ ልጆች ናቸው። ወደ ኦሮሞ አገር መግባት ያልቻሉት አናሲሞስ በዚያ ተቀምጠው በእጃቸው ያለውን ሥራ ጀመሩ። ሥራውም ትርጕም ነው። ራሳቸው የማይደርሱበት አገር መጽሐፍ ይደርሳል።

ከእርሳቸው አስቀድሞ ክራፕፍ ሩፎ ከተባለ ከባርነት ከወጣ ኦሮሞ ጋር ሆኖ ከቅዱሳት መጻሕፍት አንዳንዱን ተርጕሞ ነበር። አናሲሞስ ግን ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ አሰቡ። ከዚህም ሌላ የማርቲን ሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም፣ ለመዝሙር የሚሆን መጽሐፍ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችንና የሰው ልብ የተባለውን መጽሐፍ ወደ ኦሮምኛ መልሰዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። ሥራው ሲጀመር አንድ ትልቅ ችግር ተገኘ፤ ችግሩም በራሳቸው በተርጓሚው ዘንድ ነበር። አናሲሞስ ከወገናቸው የተለዩት በልጅነታቸው ስለ ሆነ፣ ከዚያም በምፅዋና በስዊድን ስላደጉ፣ ኦሮምኛቸው ለዚህ ለከበደ ሥራ የሚበቃ አልነበረም። ሕፃን ልጅ ውኃ ስጡኝ፣ እናቴ መጣች ለማለት ይችላል። የዳዊትን መዝሙርና የጳውሎስን መልእክት ለመተርጐም ግን የሽማግሌ ንግግር፣ የሸንጎ ቃል፣ የልቅሶና የዘፈን አነጋገር ማወቅ ያስፈልጋል። ባሪያ ነጋዴዎቹ ከሰረቋቸው ነገር ሁሉ ይህ የባሰ ነው እላለሁ። ሰውነት ነፃ ሲወጣ ቋንቋ አብሮ አይመለስም። ይህን ጕድለት አናሲሞስ በመጻሕፍት ሊሞሉት አይችሉም፤ የኦሮምኛ መጻሕፍት ገና ጥቂት ነበሩና። ሊሞላ የሚችለው በሰው ብቻ ነበር።

ሰውም ተገኘች። በ1886 የኢጣልያ መርከበኞች ባሪያ ጭኖ ወደ ዐረብ አገር የሚሻገር መርከብ በባሕር ላይ ያዙ። ከተገኙት ልጆች መካከል አስቴር ጋኖ የተባለች ብላቴና ነበረች። አስቴር በሊሙ ንጉሥ ቤት ባሪያ ሆና የነበረችና በኋላ ለሽያጭ የተነዳች ናት። ነፃ ከወጣች በኋላ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች፤ በጥቂት ዘመንም የቋንቋ ተሰጥዎዋ ታወቀ። ከአናሲሞስ በተለየ እርሷ ኦሮምኛን ከነለዛው ይዛ መጥታ ነበር። በሺሕ የሚቈጠሩ ቃላት ለመዝገበ ቃላት ሰበሰበች። ከአገሯ ያመጣችውን ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቈቅልሽና ዘፈን 500 ያህል እያስታወሰች ጻፈች። ከእነዚህም ብዙዎቹ እርሷና አናሲሞስ አዘጋጅተው በ1894 ባሳተሙት የንባብ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። እኛ የዛሬ ተማሪዎች የተረትና የምሳሌ መጽሐፍ በቀላሉ ከቤተ መጻሕፍት አውጥተን እናነባለን፤ ያች ልጅ ግን ሀብቷን ሁሉ በራሷ ይዛ በባሪያ መርከብ ላይ ተጭና ነበር።

ሌሎችም ነበሩ። ከባርነት የወጡት ልድያ ዲምቦም በዚያው ማኅበር አድገው አስተማሪ ሆነዋል፤ ምሕረት ከሞቱ በኋላም የአናሲሞስ ባለቤት ሆኑ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ግቢ ሲኖሩ አንዱ ቃል ሲጐድለው ሌላው ይሰጣል። አንዱ የግሪኩንና የስዊድኑን ትምህርት ያመጣል፣ ሌላዋ የሊሙን አነጋገር ታመጣለች። ጸሎትም ትርጕምም በአንድ ቤት ነው። እኔ ሳስበው፣ ቃሉ በኦሮምኛ ሊሰማ የተቻለው እምነትን በመጀመሪያ የተካፈሉ ሰዎች ቋንቋንም ስለ ተካፈሉ ነው።

አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና ታትሞ ወጣ። የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ከዚህ በኋላ የሥራው ስም በአናሲሞስ ብቻ ሲጠራ ኖሯል፤ የአስቴር ድርሻ በስፋት የተነገረው በጣም ዘግይቶ ነው። ይህ ነገር ያሳዝነኛል። የሴቶች ልጆች ክፍል ጓደኞቻችን ይህን ታሪክ ሲሰሙ ደስ የሚላቸው ይመስለኛልና ስሟን እዚህ ደግሜ እጽፋለሁ፤ አስቴር ጋኖ።

መጽሐፉ ካለቀ በኋላ መንገዱም ተከፈተ። የከፈቱት ግን ስዊድናውያን አልነበሩም። ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የተባሉ የሐማሴን ሰው፣ ወንጌልን በማንበብ ከተነቃቁት የኦርቶዶክስ ካህናት አንዱ፣ ከባልንጀሮቻቸው ጋር በ1898 ወለጋ ቦጂ ደርሰው ሕዝቡን በቋንቋው ያስተምሩ ነበር። አናሲሞስ፣ ልድያና አስቴር ወደዚያው የደረሱት በ1904 ነው። አናሲሞስ ሂካ ተብለው ከተሰረቁ 35 ዓመት ሆኗቸው ነበር። የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም በታላቅ ክብር ተቀበሏቸው። ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ግን በሚቀጥለው ዓመት በቦጂ በእሳት አደጋ ሞቱ። የተገናኙት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር።

አናሲሞስ በነቀምት ትምህርት ቤት ከፍተው በኦሮምኛ ማስተማርና መስበክ ሲጀምሩ ሕዝቡ በብዛት ይሰበሰብ ነበር። የሚነገረው ቃል በራሱ አፍ ነውና ባላገሩ ሊሰማው ይችላል። የቦታው ካህናት ግን ኦሮምኛ አይሰሙም ነበር። የማይሰሙት ስብከት ሕዝባቸውን ሲስብ ባዩ ጊዜ ተጠራጠሩ፤ ጥርጣሬውም ወደ ክስ ተለወጠ። ይህን የምጽፈው ካህናቱን ለመውቀስ አይደለም፤ ሰው በማያውቀው ቋንቋ የሚነገረውን ነገር መፍራቱ በየትም አገር ያለ ነው። በግንቦት ወር 1906 አናሲሞስ እመቤታችንን ተሳድበዋል ተብለው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተከሰሱ። አቡኑም ከአገር እንዲወጡ ፈረዱባቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ ነገር ግን ዳግመኛ እንዳይሰብኩ አዘዙ።

እስቲ አንባቢ ያስበው! ለስብከት ሲዘጋጅ 30 ዓመት የፈጀ ሰው፣ ሁለት ጊዜ ከመንገድ የተመለሰ ሰው፣ ከአገሩ ደርሶ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሰብክ ዝም በል ተባለ። ትእዛዙን ጥሶ መጥፋት ወይም ተቀይሞ ወደ ምፅዋ መመለስ ይቻላቸው ነበር። አናሲሞስ ሁለቱንም አላደረጉም። በነቀምት ተቀምጠው በትምህርት ቤታቸው ፊደል አስተማሩ። ስደት በየቀኑ እያስፈራራቸው 10 ዓመት በዚህ ዓይነት አለፈ። እንደ እኔ ፍርድ በሕይወታቸው ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ዘመን ነው። አትስበክ የተባለ አስተማሪ ማንበብ ያስተማረው ልጅ መጽሐፉን ወደ ቤቱ ይዞ ሲሄድ ለእናትና ለአባቱ ያነብላቸዋል፤ ይህን የሚከለክል አዋጅ አልወጣም። በእምኩሉ በአንድ ግቢ የነበረው ነገር በወለጋ በየቤቱ እንዲሆን መንገዱ እንዲህ ተጠረገ።

በ1916 ልጅ ኢያሱ አናሲሞስ እምነታቸውን እንዲያስተምሩ የፈቃድ ደብዳቤ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ሕዝቡም አባ ገመቺስ እያለ የሚጠራቸው እኒህ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ 15 ዓመት ያህል በግልጥ ሰበኩ፤ መጻሕፍቱንም አከፋፈሉ። ሰኔ 21 ቀን 1931፣ በእሑድ ቀን፣ በነቀምት ዐረፉ። ዕድሜያቸውም ወደ 75 ዓመት ደርሶ ነበር።

ከ4 ዓመት በኋላ የኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ። ስዊድናውያኑ ሚሲዮናውያን ከአገር ተባረሩ። በውጭ ሰው ብቻ የቆመ ሥራ ቢሆን ኖሮ በዚያን ጊዜ በፈረሰ ነበር፤ በወለጋ የነበሩት ምእመናን ግን መጽሐፉ በቋንቋቸው በእጃቸው ስለ ነበረ ከመካከላቸው አንባቢና ሽማግሌ እየመረጡ መሰብሰባቸውን ቀጠሉ። ከእነዚህና በሌላ ስፍራ ከነበሩት ማኅበሮች የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1959 ተመሠረተች። በዓይራም በአናሲሞስ ስም የተጠራ የመንፈሳዊ ትምህርት ቤት አለ።

አስቴር ጋኖ በዚያ ጊዜ ገና በሕይወት ነበሩ። እርሳቸውንም ከእንግዲህ በአንቱታ መጥራት ይገባል፤ ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ ነበርና። ከእምኩሉ ማኅበር ጋር ወደ ወለጋ ገብተው ልጆችን ሲያስተምሩ ኖረው በ1964 ዐረፉ።